ቴክኒሻኑ የማይነግራችሁ ስም

ኮምፒውተራችሁን ታቅፋችሁ አምቦ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ገብታችኋል እንበል። ቴክኒሻኑ ወንበሩን ጎተት አድርጎ ይቀመጣል። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል። ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። እሷ ላይ ጥቂት ፊደል ጣል ጣል ያደርግና ኢንተርን ይመታል። እናንተ ግማሽ ቀን ስትፈልጉት የዋላችሁት ገጽ ዓይናችሁ ሥር ይከፈታል። «አለቀ» ይላችኋል። ሒሳብ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ።

ምን ነበር የጻፈው?

እሱ አይነግራችሁም። እኔ እነግራችኋለሁ። ጠጋ በሉ።

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ያለሁ ነኝ። ጽሑፍ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ዊንዶው እንጭናለን፣ ፎርማት እናደርጋለን። ደንበኞቻችን ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ፣ ከባኮ ይመጣሉ። አስተማሪ አለ፣ የወረዳ ጸሐፊ አለች፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የሚሮጥ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ሁሉም «ተበላሸብኝ» ይላሉ። እኛ ቤት ውስጥ የምናውቀው ግን ሌላ ነው። ከሚመጣው ማሽን ብዙው ደህና ነው። ሰውየው የሚፈልገው ማስተካከያ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ግን እሱ በሚያውቀው ቃል አልተጻፈም። የኛ እንጀራ የሚጋገረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኗ እንመለስ። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ስትጫኑ «ረን» የምትባለው ሳጥን ትወጣለች። ቴክኒሻኑ እሷ ላይ ከሚጽፋቸው ቃላት አንዱ «አፕዊዝ ነጥብ ሲፒኤል» ነው። አስቀያሚ ስም ነው አይደል? ፕሮግራም የሚነቀልበትን ገጽ ይከፍታል። ታዲያ በወጉ በማውሱ እየጫነ ለምን አይሄድም?

ምክንያቱን ስሙት። በፈረንጆቹ 2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ይህ ገጽ «አድ ኦር ሪሙቭ ፕሮግራምስ» ይባል ነበር። ቪስታ ሲመጣ «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ» ሆነ። ዊንዶውስ 10 ላይ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ተባለ። ዊንዶውስ 11 ላይ ቆይቶ «ኢንስቶልድ አፕስ» ሆነ። ሙሽራ በገባችበት ቤት አማቷ አዲስ ስም እንደምታወጣላት፣ መሣሪያውም ዊንዶውሱ በተቀየረ ቁጥር ስም ይወጣለታል። የእናቱ ቤት ስም ግን ያው «አፕዊዝ» ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አልተነካም። ቴክኒሻኑ የሚጠራው በእናቱ ቤት ስም ነው። ስለዚህ ኤክስፒም አምጡለት፣ ዊንዶውስ 11ም አምጡለት፣ እጁ አይሳሳትም።

ይህን ካወቃችሁ ሌላውም ይገባችኋል። የኔትወርክ መስመሮቹ ገጽ «ኤንሲፒኤ» ነው። የሀገርና የቋንቋው «ኢንትል» ነው። የቀንና የሰዓቱ «ታይምዴት» ነው። ሁሉም በነጥብና በ«ሲፒኤል» ያልቃሉ። ባለሙያ የምትሉት ሰው ሲሶው ጥበቡ እነዚህን በቃሉ መያዙ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከአራቱ የአደባባይ ስሞች ለደንበኛዬ አፍ የሚቀርበው የትኛው ነው? የመጀመሪያው ነው። ሰው መጥቶ «ይቺን ፕሮግራም አጥፊልኝ» ይለኛል። «ፊቸር አሳዪኝ» ብሎኝ የሚያውቅ የለም። የኤክስፒው ስም ውስጥ ማስገባትም ማስወጣትም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ስሞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ሰው ሊያደርገው የመጣውን ሥራ ትተውታል። ግሱ ወጣ፣ ደንበኛው ጠፋ።

ቀጥሎ ያለው ምስጢር በስልክ ሰው ረድታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያስቃችኋል። ታናሽ ወንድም ከባኮ ይደውላል።

«እታለም፣ ድምፁ ጠፋ።»

«ሴቲንግ ግባ።»

«ገባሁ።»

«ሳውንድ የሚል አለ?»

«አለ።»

«ፕለይባክ የሚለውን ንካ።»

«እንደዚያ የሚል የለም።»

ልጁ አልዋሸም። እኔም አልተሳሳትኩም። እሱ አንድ ቤት ገብቷል፣ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ቤት ነው። ኮንትሮል ፓነል ከመጀመሪያው ዊንዶውስ፣ ከ1985 ጀምሮ አለ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ጎኑ ላይ ሁለተኛ ቤት ሠራ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ያንኑ አስፍቶ «ሴቲንግስ» አለው። የመጀመሪያው ግን አልፈረሰም። ድምፅ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ኔትወርክ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። እኛ ደግሞ አምቦ ላይ ሁለቱንም «ሴቲንግ» እንላቸዋለን። ለዚህ ነው ከባኮ የተደወለ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ የግማሽ ሰዓት ካርድ የሚበላው።

አሁን በጣም የምወደው መጣ። የሰዓቱ ጉዳይ።

አዲስ ዊንዶው ተጭኖላችሁ ሰዓቱን ልታስተካክሉ ነው። የሰዓት ቀጠናውን ዝርዝር ትከፍታላችሁ። «አዲስ አበባ»ን ትፈልጋላችሁ። የለም። «ኢትዮጵያ»ን ትፈልጋላችሁ። የለም። ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። የለም!

የት እንዳለን ልንገራችሁ? ናይሮቢ ነን።

ዊንዶውስ ውስጥ የኛ ሰዓት «ናይሮቢ» በሚል ስም ተቀምጧል። ይህን የማያውቅ ሰው የሚያደርገውን ደግሞ እኔ በየቀኑ አያለሁ። አንዱ ኩዌትና ሪያድ የሚለውን ይመርጣል፤ ዘመድ እዚያ አለውና ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ መሆኑን ያውቃል። ሌላው ባግዳድን ይመርጣል። ሞስኮን የመረጠም ገጥሞኛል። ሁሉም ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ስለሚቀድሙ ለጊዜው ያስኬዳል። መከራው የሚመጣው በበጋ ሰዓቱን ወደፊት የሚገፋ የአውሮፓ ከተማ የመረጠ ሰው ላይ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ሳይነገረው አንድ ሰዓት ይዘላል። ባለቤቱም «ቫይረስ ገባበት» ብሎ ይመጣል።

ሌላም አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9:00 ሲያሳየው «ተሳስቷል» ብሎ በእጁ 3:00 የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። ፍርድ አትፍረዱበት። በኛ አቆጣጠር ትክክል ነው። ማሽኑ ግን ሌሊት ነው ብሎ ያምናል። ኢሜይሉ በተሳሳተ ሰዓት ይታያል፤ በሰዓት የሚሠሩ የማረጋገጫ ቁጥሮችም አልቀበል ይላሉ። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ስትሞት ዓመቱ ወደኋላ ይመለሳል። ያኔ ድረ ገጾች ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያሉ በር ይዘጋሉ። ደንበኛው «ኢንተርኔት እንቢ አለኝ» ይላል። እኛ ባትሪዋን እንቀይራለን፣ ቀኑን እናስተካክላለን፣ ኢንተርኔቱ ይመለሳል። ዘዴው ይኸው ነው።

ደግሞ ያ «ናይሮቢ» የሚለው ስም መለወጥ የሚችል ነው። ሊኑክስ የተባለው የዊንዶውስ አቻና አንድሮይድ የሚጠቀሙበት የሰዓት ቀጠና መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ በስሟ ተጽፋለች። ከውስጥ ከናይሮቢ ጋር የተያያዘች ናት፤ ሰዓቱ ያው ነው። ለሰው የሚታየው ስም ግን ሰው የሚፈልገው ስም ነው። ልዩነቱ አንድ የከተማ ስም ብቻ ነው፤ ያ ስም የብዙ ሰው ቀን ያተርፋል።

ወረቀትም ምስጢር አለው። ፕሪንተሩ ኤፎር ሞልቶበት «ወረቀት አስገባ» እያለ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እልኸኛ አይደለም። የታዘዘውን እየጠበቀ ነው። ዊንዶውሱ ሲጫን ሀገሩ አሜሪካ ተብሎ ስለታለፈ አዲስ ዶክመንት ብዙ ጊዜ በ«ሌተር» መጠን ይከፈታል። ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፤ ኤፎር 210 በ297። በዓይን ስታዩአቸው መንትያ ናቸው፤ ለፕሪንተሩ ግን የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ይህን የሚወስነው አንዱ ቦታ «ሪጅን» ይባላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ወረቀት አልጎትት ያለበት ሰው «ሪጅን» የሚል ስም አይቶ እዚያ ይገባል? በጭራሽ። ወደ እኛ ይመጣል።

አሁን የሰፈራችንን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ይህን እምብዛም አያነሱትም።

አምቦ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በቁቤ። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ወርድ ሲያየው እንግሊዝኛ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ ገጹ በሙሉ ቀይ በቀይ ይሆናል። ድርብ አናባቢ ባየ ቁጥር ያሰምራል። አንዳንዱን ቃል ሳይጠየቅ በእንግሊዝኛ ቃል ይለውጠዋል። ጸሐፊዋ ፊርማ ልታስፈርም ስትል አንድ ቃል ተለውጦ ታገኘዋለች። ትደነግጣለች። ትመጣለች።

«እህቴ፣ ቀዩን መስመር አጥፊልኝ።»

ቀዩን መስመር ማጥፊያ የት ነው? «ፋይል» ውስጥ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ «ፕሩፊንግ» ውስጥ። ፕሩፊንግ! ይህን ቃል በማተሚያ ቤት ያልሠራ ሰው ከየት ያመጣዋል? በራሱ ፈቃድ ቃል የሚለውጥበትን አመል ማስቆሚያ ደግሞ እዚያው ውስጥ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ተብሎ ተቀምጧል። ባለሙያው ግን ሌላ አቋራጭ አለው። ጽሑፉን ሁሉ ይመርጥና «ሪቪው» ውስጥ ካለው «ላንጉዌጅ» ገብቶ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ»ን ይከፍታል። ፊደልና ሰዋስው አትመርምር የምትለውን ሳጥን ምልክት ያደርግባታል። ቀዩ ይጠፋል። ጸሐፊዋ ትመርቀዋለች። ነገ ደግሞ ሌላዋ ትመጣለች።

ለመሆኑ እነዚህን ስሞች የሚያወጣው ማነው? ስሞቹ የሚፈሉበትን ጓዳ ላሳያችሁ።

ፕሮግራም ሲተረጎም ተርጓሚው ብዙ ጊዜ ገጹን አያይም። የሚያየው ረጅም የቃላት ዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ቦታ። «ዲስፕሌይ» የሚል ቃል ብቻውን ይመጣለታል። ስም ነው ወይስ ግስ? «ማሳያ» ይበለው ወይስ «አሳይ»? ቁልፍ ላይ ይቀመጥ ወይስ ርዕስ ይሁን? ዝርዝሩ ማብራሪያ ካልያዘ ይገምታል። የገመተው ስም በቀጥታ የኛ ደንበኛ ዓይን ላይ ያርፋል። በሊኑክስ ዓለም እያንዳንዱ የዴስክቶፕ መሣሪያ አጭር የመታወቂያ ፋይል አለው። እዚያ ውስጥ ሦስት መስመሮች ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። አንዱ ስሙ ነው። ሁለተኛው ለምን እንደሚያገለግል የሚናገር አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው፣ አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ፣ የመፈለጊያ ቃላት መስመር ነው። ሰው በፍለጋ ሳጥኑ ላይ የሚጽፋቸው ቃላት እዚያ ይደረደራሉ። ግኖም የተባለው ዴስክቶፕ ላይ የቀንና ሰዓት ገጹ በስሙ ብቻ ሳይሆን «ክሎክ» ወይም «ታይምዞን» ብላችሁ ብትጽፉም ይመጣላችኋል፤ ምክንያቱ ይህ መስመር ነው። መስመሩ ራሱ ይተረጎማል። ለተርጓሚዎች የተጻፈው ማሳሰቢያም አጭር ነው፤ ቃላቱን ተርጉሙ፣ ቃላቱን የሚለያዩትን ምልክቶች ግን አትንኩ ይላል።

ገባችሁ? ስሙን ማስቀየር ካቃታችሁ በመፈለጊያ ቃላቱ መስመር መግባት ይቻላል። «ድምፅ ጠፋ»፣ «ወረቀት»፣ «ቀይ መስመር»፣ «ሰዓት ተሳሳተ»፣ «ሴቲንግ»፤ እነዚህ ሁሉ እዚያ መስፈር ይችላሉ። ደንበኛው በራሱ አፍ ይጽፋል፣ ገጹ ይመጣለታል።

የአማርኛው ነገር ለብቻው ነው። ማይክሮሶፍት ለቪስታ የአማርኛ ገጽ አውጥቷል፤ ኒያላ የተባለው ፊደልም ከቪስታ ጋር ነው የመጣው። ግን እነዚያ ጥቅሎች በብዛት የሚታየውን ክፍል ብቻ ይሸፍኑ ነበር። ጥቂት ገባ ስትሉ እንግሊዝኛው ተመልሶ ይመጣል። ላፕቶፕ ገዝታችሁ አማርኛ አልጨምር ካላችሁ ደግሞ ከመናደዳችሁ በፊት የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። «ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚል ከሆነ ከአንድ የገጽ ቋንቋ በላይ አይፈቅድም። ስሞቹም አልተስማሙም። አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ «ቅንብሮች» ይላል። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ላይ «ምርጫ» እና «ማሰናጃ» ታገኛላችሁ። ባንኮኒው ላይ ሁሉም ሰው «ሴቲንግ» ይላል። ለአንድ ነገር አራት ስም ሲኖር፣ የተማረው አንዱን ይዞ ሦስቱ ላይ እንግዳ ይሆናል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ ከዚህም በታች ነው። ዊንዶውስ 10 በአማርኛም በትግርኛም ገጽ አለው፤ በአፋን ኦሮሞ የለውም። አምቦ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የተማረች፣ በአፋን ኦሮሞ የምትሠራ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ለማስተካከል የሌላ ሀገር ቋንቋ እንድትገምት ትገደዳለች። ይህ ይቆጨኛል፤ በግልጽ ልበላችሁ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በስም ጉዳይ እንደኛው ሲሞክሩ የኖሩ ናቸው። አፕል ለረጅም ዓመታት «ሲስተም ፕሪፈረንስስ» ሲለው የነበረውን በ2022 «ሲስተም ሴቲንግስ» ብሎታል፤ ስልኩ ላይ ካለው ስም ጋር እንዲገጥም። የግኖም ሰዎች «ትዊክ ቱል» ያሉትን የማስተካከያ መሣሪያ በ2017 «ትዊክስ» ብቻ አደረጉት። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ግን አሁንም «ሴቲንግስ ማኔጀር» እና «ሴቲንግስ ኤዲተር» የሚሉ ሁለት መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ላይ የፈለጋችሁትን ንኩ። ሁለተኛው የማሽኑ ሆድ ዕቃ ነው፤ ሳታውቁ አትግቡ። ስማቸው ይህን አይናገርም።

እንግዲህ ከባንኮኒው ጀርባ የተማርኩትን በአጭሩ ላስጨብጣችሁ። ጥሩ ስም ሰው ሊያደርገው የመጣውን ሥራ ይጠራል፤ የሠሪውን ክፍል ስም አይጠራም። ለአንድ ነገር አንድ ስም ይበቃል፤ ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ያው ይሁን። ሰው የለመደው ቃል በባዕድ ቃልም ቢሆን «ሴቲንግ» ከሆነ፣ ቢያንስ በፍለጋው ውስጥ ይኑር። አደገኛው ክፍል ከስሙ ጀምሮ አደገኛ መሆኑን ይናገር። ስም ሲቀየር አሮጌው ስም ከፍለጋው አይሰረዝ፤ በእሱ የተማረ ሰው አለና። የስሙ ፈተናም ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን ሳታሳዩ ለአንድ ሰው ስሙን ብቻ ንገሩትና «ይህ ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» በሉት። መልሱ ከሳተ ስሙ ወድቋል፤ ሰውየው አልወደቀም።

ደስ የሚለው ምስጢር የመጨረሻው ነው፤ ይህ ጓዳ አልተቆለፈም። ግኖምን የሚተረጉሙት ፈቃደኞች ናቸው። ሊብሬ ኦፊስም ዌብሌት በተባለ መድረክ ላይ በፈቃደኞች ይተረጎማል። ከአምቦም ይሁን ከጉደር፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ገብቶ ሐሳብ መስጠት ይችላል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕስ አጣን አትበሉ። የጽሑፍ ቤት እህቶቼ፣ የጥገና ቤት ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ ማንም ፕሮፌሰር የሌለው ሀብት አላችሁ፤ ደንበኛ በራሱ አፍ ሲጠይቅ ትሰማላችሁ። አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጡ። በአንድ በኩል ደንበኛው ያለውን ቃል በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዳለ ጻፉ። በሌላው በኩል ገጹ ላይ ያለውን ስም ጻፉ። ሦስተኛው ላይ የፕሮግራሙን ስም ከነቁጥሩ ጻፉ። ከዚያ ለተርጓሚዎቹ ላኩት።

ገበያችን ይቀንሳል ብላችሁ አትስጉ። ስም ለማስገመት ከሚከፈለን ይልቅ ለእውነተኛ ጥገና ቢከፈለን ክብር አለው። ደብተሩን ዛሬ ክፈቱ።